የተረፈ ጥጥና ፋይበር፦ ትራስ ውስጥ ከመጠቅጠቃችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ክረምት ሲገባ ከቤት ሳይወጡ እንደ መስፋት ያለ ነገር የለም። ውጭው ጭጋግ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ በበር ስር ሾልኮ ገብቶ እግር ይቆረጥማል። እኔ ሲንጀሬን መስኮቱ ጋ አስጠግቼ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ። ከላይ ጨርቅ፣ ከታች ጨርቅ፣ መሐሉ ላይ ጥጥ ወይም ፋይበር። ከዚያ ሦስቱ እንዳይላቀቁ በላያቸው ላይ ስፌት ማመላለስ ነው። የከተማ ልጆች ኮምፈርት ይሉታል።

ጣጣው ያለው ስፌቱ ካለቀ በኋላ ነው። መሐል የሚገባው ጥጥ ሲሰፋ ስለሚሰበሰብ ከጨርቁ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። እኔ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ እተዋለሁ። መጨረሻ ላይ ያ ትርፍ ተቆርጦ ይወድቃል። ለመጣል ያሳሳል፣ ለማስቀመጥ ቦታ ይይዛል። አልጋዬ ስር ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ቁራጭ ተጠቅጥቆ ነበር። ያወጣሁት አይጥ ከነልጆቿ ሰፍራበት ስላገኘኋት ነው።

የመጣ ሰው ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነበር። «ትራስ አድርጊው!» አደረግሁት። አንድ ሳምንት ደህና ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቁራጩ ተጓጉሎ ድንች የተሞላ ጆንያ ላይ የተኛሁ መሰለኝ። አንገቴ አልዞር አለ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን ቀየርኩ። ትራስ ቁራጩ መጨረሻ ላይ የሚሄድበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ የተሻለ ምርጫ አለ። የትኛው እንደሚሻል የሚወስኑት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቁራጩ ከምን እንደተሠራና ስንት እንደሚሰፋ።

መጀመሪያ እሳት ጠይቁት

ከሻጭ ቃል ይልቅ እሳት ይታመናል። አንድ ጊዜ «ንጹህ ጥጥ ነው» ተብዬ ሙሉ ጥቅል ገዛሁ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ቤት ወስጄ ትንሽ ሳቃጥልለት ግማሹ አመድ ሆነ፣ ግማሹ ቀለጠ። ድብልቅ ነው። አሁን ሳልፈትን ምንም ነገር አልቆርጥም።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ጣት የምታክል ቁራጭ በወረንጦ ያዙ። ከስር የሸክላ ሳህን አድርጉ። ውሃ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ነጠላ ከለበሳችሁ አውልቁት። ከዚያ ክብሪት ጫሩ።

ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይያዛል፣ ወረቀት ሲቃጠል ያለውን ሽታ ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት ብን የሚል ግራጫ አመድ ይተዋል። ፋይበር፣ ማለትም ፖሊስተር፣ እሳቱ ሲጠጋው ገና ይኮማተራል። ከዚያ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲበርድ ደረቅ ጉብ ብሎ ይቀራል። ያን ጉብ በጣታችሁ ለመጨፍለቅ ብትሞክሩ አይሆንም። ትኩስ እያለ ደግሞ በፍጹም አትንኩት፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የበግ ፀጉር ከሆነ ሽታው ራሱ ይናገራል፤ የተቃጠለ ፀጉር ነው። ከእሳቱ ስታወጡት ወዲያው ይጠፋል። አመዱ ውስጥ ጠጠር ካገኛችሁ ድብልቅ ነው። ድብልቁን ለእሳት ሥራ እንደ ፋይበር ቁጠሩት።

በሦስት ማዳበሪያ ከፋፈልኳቸው። ይህን ያደረግሁበት ቀን ከሁሉም የጠቀመኝ ቀን ነው።

ሰፋፊውን መጋጠም

10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰፋ ቁራጭ ካላችሁ ሌላ ነገር ከማሰባችሁ በፊት መልሳችሁ አጋጥሙት። ሌሎቹ ሥራዎች ከትናንሽ ቁራጭም ይወጣሉ። ይህ ግን ሰፊ ይፈልጋል። ከ10 ሴንቲ ሜትር የጠበበ ከሆነ ደግሞ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ስሌቱን እንየው። የአንድ ሰው ብርድ ልብስ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ስንተው 170 በ220 የሆነ ጥጥ እናነጥፋለን። ሲከረከም ሁለት ባለ 220 እና ሁለት ባለ 150 ቅዳጅ ይወድቃል። ከባለ 220ው ሁለት ሁለት፣ ከባለ 150ው አንድ አንድ ባለ 1 ሜትር ይወጣል። ስድስት ማለት ነው። የሁለት ብርድ ልብስ ቅዳጅ ደግሞ አሥራ ሁለት ይሆናል። ዘጠኙን ጎን ለጎን ብትገጥሙ 90 በ100 የሆነ ጥጥ ይወጣል፤ ለልጅ ብርድ ልብስ ይሆናል። ሦስቱ ይተርፋሉ። ለአንድ ልጅ ብርድ ልብስ ጥጥ ሳትገዙ ዋላችሁ ማለት ነው።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን በሌላው ላይ በመደረብ ነው። አትደርቡ። የተደረበበት ቦታ ገመድ ሆኖ ይቆጠቁጣል። ሁለቱን ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጫፍ ለጫፍ አስጠጉ፣ ከዚያ ላላ ባለ ስፌት ያዟቸው። ዚግዛግ ያለው መኪና ካላችሁ ሰፊውንና ረጅሙን ስፌት ምረጡ። የእኔ የእግር ሲንጀር ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ በእጅ ነው የምሰፋው። ክሩን አታጥብቁ። ካጠበቃችሁት ጠርዙ ይነሳና ሸንተረር ይሆናል።

አንድ ትንሽ ብልሃት ልጨምር። ጠርዙን ፍጹም ቀጥ ከማድረግ ይልቅ ሁለቱን ቁራጭ ደርባችሁ በአንድ ላይ ለስለስ ባለ ማዕበል ቁረጧቸው። ከዚያ ትርፍራፊውን አንሱና ሁለቱን ጠርዞች አገናኙ። እርስ በርሳቸው ልክ ይገጥማሉ። ብርድ ልብሱ ሲታጠፍም በዚያ መስመር አይሰበርም። ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ግን ዕድሜ ልኩን እዚያው ላይ ይታጠፋል።

ጥጥን ከጥጥ፣ ፋይበርን ከፋይበር ብቻ ነው የምትገጥሙት። ታጥቦ የማያውቅ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ይሰበሰባል። በ2 ሜትር ላይ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ፋይበር ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን ካጋባችኋቸው ብርድ ልብሱ አንድ ጎኑ የተጨማደደ፣ አንድ ጎኑ የተነፋ ይሆናል። እህቴ አንዱን እንዲህ ያለውን ብርድ ልብሴን አይታ «ይሄ የአባይ በረሃ ካርታ ነው?» ብላኛለች።

ውፍረቱም ይመሳሰል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት። መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ከተሰማችሁ ያ ቁራጭ ቦታው እዚያ አይደለም።

እሳት አጠገብ የሚውል

እዚህ ላይ ምርጫ የለም። ጥጥ ብቻ። ፖሊስተር በ250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት መለስለስ ይጀምራል። ከሰል ላይ የቆየ ድስት ሥር እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸግረውም። እኔ ይህን የተማርኩት በፋይበር የሞላሁት የድስት መያዣ ከብረት ድስት እጀታ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ሲለኝ ነው። ጨርቁ አልተቃጠለም። ውስጡ ነው ቀልጦ የወጣው። እጄን ያተረፈኝ ቶሎ መልቀቄ ነው። ሽሮው ግን አልተረፈም።

ጥሩ የድስት መያዣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሁለት ድርብ የጥጥ ቁራጭ መሐል ላይ፣ ከላይና ከታች ወፈር ያለ የጥጥ ጨርቅ። አሮጌ ጋቢ ቁራጭ ካለ ከዚያ የተሻለ ሽፋን አላውቅም። መሐሉን በካሬ በካሬ ስፉት፤ አለዚያ ሲታጠብ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። አንድ ማሳሰቢያ፦ እርጥብ ሲሆን አትጠቀሙበት። ውሃ የጠጣ ጥጥ ሙቀቱን ፈጥኖ ወደ እጅ ያሳልፋል። ለጀበና ደግሞ ጠበብ ያለ፣ እጀታው ላይ የሚጠመጠም መያዣ ይሻላል። ቅዳጁ ራሱ ልክ ይመጣል።

ከድስት መያዣ ይልቅ በእኔ ቤት ፈጥኖ የሚያልቀው ግን ማሰሻ ነው። የእንጀራ ምጣድ በጎመን ዘር ማሰስ የለመደ ቤት ማሰሻው ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል። እፍኝ የማትሞላ፣ ለሌላ ምንም የማትሆን ብጣሽ ጥጥ በንጹህ ጨርቅ ቋጥራችሁ ማሰሻ ማድረግ ትችላላችሁ። ፋይበር ግን ተሳስታችሁ እንዳትጨምሩ። ጋለ ያለ ምጣድ ላይ ካረፈ ምጣዱ ላይ ይለጠፋል፣ ቀጥሎ የሚጋገረው እንጀራ ላይ ይነሳል።

ጥሬ ጥጥ በላዩ ላይ የተፈጥሮ ሰም አለበት። ውሃ ላይ ብትጥሉት ይንሳፈፋል እንጂ አይጠጣም። ለማሰሻ ይህ ችግር አይደለም፤ ዘይት ይወዳል። ጠረጴዛ መጥረጊያ ወይም የእጥበት ጨርቅ ልታደርጉት ከሆነ ግን መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሉት። ከዚያ በኋላ ውሃ መጠጣት ይጀምራል።

ለካውያ ማስተኮሻም ጥጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ድርብ አንጥፉና አሮጌ አንሶላ አልብሱት። ፋይበር ከሆነ በካውያው ስር ልጥፍ ብሎ ይቀራል።

መልሶ መፍተል ይቻላል ወይ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ጎረቤቴ እማማ ጋ ሄድኩ። ዕድሜ ልካቸውን እንዝርት ከእጃቸው ያልወጣ ሴት ናቸው። ከፋብሪካው ጥቅል የቆረጥኩትን ሰጠኋቸው። በጣታቸው መዘዝ አደረጉት፣ ደግመው መዘዙት፣ መለሱልኝ።

«ይሄማ አልተነደፈም ልጄ። ተለጥፎ ነው እንጂ።»

ልክ ናቸው። ፋብሪካ የሚያወጣው ጥቅል ጥጥ እንዳይበታተን በመርፌ ተወጋግቶ ወይም በሙጫ ተያይዞ ነው የሚመጣው። ስትጎትቱት ይቀደዳል እንጂ እየሳሳ ክር አይሆንም። በደጋን ተነድፎ ባዘቶ የሆነው የገበያ ጥጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ቁራጩም ይፈተላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ጥጡን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እየቀጠነ ከተሳበ ለእንዝርት ይሆናል። ድንገት ከተበጠሰ አትልፉ።

ከተረፈ ባዘቶ የሚፈተለው ለኩታ አይበቃም፤ ቁራጩ አጫጭር ስለሆነ ክሩም ጉብጉብ ይላል። ለጧፍ ግን ማለፊያ ነው። ጧፍ ማለት በሰም የተነከረ የጥጥ ፈትል አይደል? ጎጃም ደግሞ ማር አያጣም፣ ሰምም አያጣም። ክሩ ጉብጉብ ቢልም ሰሙ ይሸፍነዋል። ፋይበር የተቀላቀለበት ክር እዚህ አይገባም፤ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም ይከረፋል። ለኩራዝም እንደዚያው ነው።

ለአህያ ጀርባ

ይህን ምርጫ የጨመርኩት አንድ የገጠር ዘመዴ ቤቴ መጥቶ ማዳበሪያዎቹን ሲያይ ነው። «ይሄን ሁሉ ይዘሽ የእኔ አህያ በገጣባ ታለቅሳለች» አለ። እውነቱን ነው። መደላድሉ ሳስቶ ጭነቱ አጥንት ላይ ሲያርፍ ነው ገጣባ የሚመጣው።

እዚህ ላይ ጥጥ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ላብ ይጠጣል፣ ዝናብ ይጠጣል፣ ከዚያ ይጠጥራል። የጠጠረ ጥጥ ጭራሽ መደላድል ካለመኖሩ ይብሳል። ፋይበር ውሃ አይይዝም፣ ተሰጥቶ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ሲከርም ይሳሳል። የበግ ፀጉር ከሁሉም ይበልጣል። ከራሱ ክብደት 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ሲነኩት የረጠበ አይመስልም። ስለዚህ ያረጀ ባና ካላችሁ ከጀርባ ጋር የሚነካካው እሱ ይሁን። ፋይበሩ ከላዩ ይግባ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁራጩን እያድቦለቦላችሁ አትጠቅጥቁ። ጠፍጣፋውን እንዳለ ደርባችሁ ስፉት። አንዲት ጉብ ያለች ነገር በቂ ናት፤ ከገበያ መልስ ቆዳው ተልጦ ታገኙታላችሁ። የጀርባውን አጥንት መስመር ባዶ ተውት፤ ሸክሙ ግራና ቀኝ ይረፍ።

ለፈረስ ኮርቻም ሐሳቡ አንድ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ወርዶ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው ከኮርቻው ስር ላለው ነገር ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ያውቃል። እኔ ግን ኮርቻ ሰፍቼ ስለማላውቅ እዚህ ላይ አፌን ልዝጋ።

ትንንሹን ነገር ባጭሩ

የበር ስር መወተፊያ፦ ማንኛውም ዓይነት ይሆናል። ያረጀ ሱሪ እግር ቆርጣችሁ ሙሉት፣ ሁለቱን ጫፍ ስፉት። ደጋ ለሚኖር ሰው ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። ባሕር ዳር ለሚኖሩ ዘመዶቼ አልመክርም፤ እነሱ በር ከፍተው ነው የሚያድሩት። ግርጌው ላይ ትንሽ አሸዋ በጨርቅ ቋጥራችሁ ብትጨምሩ ከቦታው አይንሸራተትም። ወለሉ ዝናብ የሚያስገባ ከሆነ ፋይበር ይሻላል፤ ጥጥ ይሻግታል።

መርፌ መሰኪያ፦ የበግ ፀጉር። የራሱ ቅባት ስላለው መርፌ አያዝግም። ጥጥ በክረምት እርጥበት ይስብና መርፌውን ያበላሻል።

የልጆች ኳስ፦ ፋይበር፣ ከዚያ ካልሲ። ጥጥ ያለበት ኳስ ጭቃ ውስጥ አንዴ ከገባ ድንጋይ ነው።

ለወር አበባ የሚሆን የሚታጠብ ጨርቅ ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቁኝ አሉ። ጥጡ ይጠጣል፣ ችግሩ መድረቁ ነው። ወፍራም ነገር በሐምሌ ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ይደርቃል። ለዚህ ከጥጡ ይልቅ ተደራርቦ የታጠፈ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል፤ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋልና።

ለሕፃን

እዚህ ላይ ቆጣ ልበል። የተረፈው ቁራጭ ትንሽ ስለሆነ፣ ትንሽ ትራስ ስለሚወጣው፣ ብዙ ሰው ለአራስ ልጅ ስጦታ ያደርገዋል። አታድርጉት። ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚተኛበት ቦታ ትራስም፣ ለስላሳ ድጋፍም፣ ወፍራም ብርድ ልብስም አይገባም። ፊቱ ላይ ቢወድቅበት መልሶ ማንሳት አይችልም፤ ይታፈናል። ያ ዘጠኝ ቅዳጅ ገጥሜ የሠራሁት ብርድ ልብስ የተሰጠው ሦስት ዓመት ለሞላው የእህቴ ልጅ ነው። ለአራስ መስጠት ከፈለጋችሁ በእናቱ ጀርባ ላይ ሲታዘል የማዘያውን ማሰሪያ ትከሻ ላይ የሚያለሰልስ ንጣፍ ስፉ። ያንን እናትየው ናት የምትመርቃችሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትራስ

አሁን የቀረው ቁልፍ የምታህል፣ ጣት የምታህል፣ ለምንም የማትሆን ነው። ይኼ ነው ለትራስ። ግን በዘፈቀደ አትጨምሩት። መጀመሪያ በመቀስ ሳይሆን በእጅ በጣጥሱት። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ አለው፤ ያ ጠርዝ ነው ተጓጉሎ ድንች የሚሆነው። በእጅ የተበጠሰው ዳሩ ጭራሮ ስለሚሆን እርስ በርሱ ይያያዛል። ፋይበሩንም ጥጡንም መቀላቀል ይቻላል፤ ውሃ ውስጥ ካልገባ ችግር የለውም። ስለዚህ ውስጠኛ ከረጢት አበጁለት፣ ላዩን ሽፋን ብቻ አውልቃችሁ እጠቡ። ለመኝታ ሳይሆን ለመቀመጫ ይሁን። ዱካ ላይ፣ መደብ ላይ፣ ቡና ሲፈላ ለእንግዳ። ለአንገት ግን ሙሉ ፋይበር ግዙ። ከአንገቴ ጋር ስለተጣላሁ ነው የምላችሁ።

ወለል ላይ የሚቀረው ብናኝስ? ንጹህ ጥጥ ከሆነ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት፤ ከአመድና ከቅጠል ጋር ይበሰብሳል። ፋይበር አይበሰብስም። ምድጃ ውስጥም እንዳትጥሉት፤ ጭሱ ለሳንባም ለወጥም አይሆንም። እኔ በአንድ ፌስታል እያጠራቀምኩ ነው። የመስኮቱ ፍሬም የተላቀቀበት ቦታ አለ፣ ነሐሴ ሳይገባ እዚያ እወትፈዋለሁ።